ከቀጠሮ በፊት አክስታችሁን ጠይቁ

ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሕመም፣ ተጠርጥሮባችሁ ቀጠሮ ከያዛችሁ የቤተሰባችሁንም ታሪክ ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ ሉፐስ አለብኝ፤ ዘመዶቼ መንዝና ደብረ ብርሃን ናቸው። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሽታ ሲነሳ ግን «በዘራችን የለም!» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። የሚዳር ልጅ ያለው ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ አትጠይቁ፤ ሰው እስኪወጣ ጠብቁ።

«ሉፐስ የያዘው አለ?» ማለት ዋጋ የለውም። ስሙንስ ማን ሰምቶት! ምልክቱን ጠይቁ። አክስቴን «አንቱ፣ በውርጭ ጣትዎ ይነጣል እንዴ?» ብላቸው፣ «እሱማ ከልጅነቴ ነው። መጀመሪያ ደም የሌለው ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ እሳት ዳር ስሞቀው ቀልቶ ይለበልበኛል» አሉኝ። ሐኪሞች ሬይኖ ይሉታል። ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ አያሰጋም፤ ከሌላ ምልክት ጋር ሲመጣ ግን መታየት አለበት።

«ምች ነው» የተባለ፣ ፀሐይ ሲነካው ፊት ላይ የሚወጣ ሽፍታ ካለ ጻፉ። ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚል ጣት፣ «ሾተላይ» ተብሎ የታለፈ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመምም እንዲሁ። በአንድ ቤተሰብ አንዷን ሉፐስ፣ ሌላዋን የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሊይዛት ይችላል። ደግሞ ሁሉንም ከዚህ አትቁጠሩት፤ ሾተላይ በእናትና በፅንስ የደም ዓይነት (አርኤች) አለመጣጣም፣ እንቅርት በአዮዲን እጥረት ይመጣል። መለየቱን ለሐኪም ተዉት። በእናትም በአባትም ወገን ጠይቁ፤ ወላጅ፣ እህት፣ ወንድምና ልጅ ይቀድማሉ። በስንት ዓመቷ እንደጀመራትም ጻፉ።

የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ኤችኤልኤ የሚባሉትን ጨምሮ ብዙ ዘረ መሎች እንደ ዕድር መዋጮ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ አንዷን ሲይዛት ብዙውን ጊዜ ሌላዋን ሳይዛት ይቀራል። ሲ1ኪው የሚባለው ፕሮቲን ጭራሽ ሲጠፋ ግን ሉፐስ የመያዙ ዕድል በጣም ከፍ ይላል፤ እሱም እጅግ ብርቅ ነው።

ስለዚህ ጤነኛ ልጆቻችሁን «ዘር አስመርምሩ» ቢሏችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለሉፐስ የሚታዘዘው ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራም የዘር ምርመራ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

እርግዝና ካሰባችሁ ግን አንቲ ሮ የሚባል አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህ በዘር ሳይሆን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ አልፎ አልፎም የልብ ምቱን ያዘገያል። ካለባችሁ የፅንሱ ልብ በአልትራሳውንድ መቼ መቼ እንደሚታይ ከሐኪማችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።