ለበጋ የቀን ሥራ አዲስ አበባ ስትገቡ፦ ማደሪያና የኪራይ መብታችሁ

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ የምትመጡ ልጆች፣ ከሥራው በፊት ማደሪያውን አስቡ። ሥራ ዛሬ ቢጠፋ ነገ ይገኛል። ማደሪያ ግን የሚያስፈልጋችሁ በገባችሁበት ሌሊት ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚያች ሌሊት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ከተማ ላለ የአገር ልጅ ደውሉ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ያዙ። የሚቀበላችሁ ከሌለ ለአንድ ሁለት ቀን የአዳር አልጋ ያዙና ቤት ቀን በብርሃን ፈልጉ። መናኸሪያ ላይ «ርካሽ ቤት አለ» ብሎ ለሚጠጋችሁ ደላላ፣ ቤቱን ሳታዩና አከራዩን ሳታነጋግሩ ቀብድ እንዳትሰጡ።

አብዛኞቻችሁ ደባል ነው የምትገቡት። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ሲካፈሉት ያዋጣል። ችግሩ ግን ከአከራዩ ጋር የተዋዋለው አንዱ ብቻ ይሆንና፣ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ወይም ስትጣሉ፣ የቀራችሁት ለአከራዩ እንግዳ ሆናችሁ ዕቃችሁ ደጅ ይወጣል። ስለዚህ የሁላችሁም ስም ውሉ ላይ ይግባ።

አሁን ወደ ሕጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ምዝገባው ወረዳ ላይ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራዩ በባንክ ወይም በቴሌብር በመሰለ መንገድ ይከፈላል፣ ይሄ ደግሞ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፤ «አልከፈልክም» ቢባል ማስረጃው ስልካችሁ ላይ አለ። የውሉ ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ለጥቂት ወር ለመጣ ሰው ምን ያደርግለታል አትበሉ። ሁለት ዓመቱ አከራዩ በፈለገ ሰዓት ውጡ እንዳይላችሁ ነው እንጂ እናንተን ለማሰር አይደለም፤ ቀድማችሁ አሳውቃችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ። አንዳንድ አከራይ ግብር ፈርቶ ውል አልጽፍም ይላል። እንደዚያ ካለ ሌላ ቤት ብትፈልጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

የአዳር አልጋና ገስት ሃውስ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። እዚያ ወር ሙሉ ብታድሩም እንደ ተከራይ አትቆጠሩም።

የግንባታ ሳይት ላይ በቆርቆሮ ቤት የሚያድርም አለ። ያ ኪራይ ሳይሆን የሥራው አካል ነው፤ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ «የማደሪያ» እያለ ከደመወዛችሁ የሚቆርጥ ከሆነ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ተስማምታችሁም ቢሆን ተቆራጩ በጠቅላላ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ አይችልም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ሆኖ የተኛ ሰው ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው። መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ ቢረክስም አትከራዩት።

አከራይ በጉልበት ሊያስወጣችሁ ከሞከረ አትደባደቡ። ውላችሁንና የክፍያ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የደመወዝና የሳይት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት። የውሉን ፎቶ አገር ቤት ላለ ሰውም ላኩ፣ ስልክ ይጠፋል።