ከጦሩ የተሰጠ ወይስ ወታደሩ የገዛው? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የውጊያ ቢላዋዎችን መለየት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ወታደር ወገቡ ላይ የታጠቀው ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ እጁ ገብቷል፤ ወይ ከግምጃ ቤት ተረክቦታል፣ ወይ ከኪሱ ከፍሎ ገዝቶታል። ከዘመድ የወረሰውን ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን ቢላዋ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚስተው ገና ሲጀምር ነው፤ የፋብሪካውን ስም ያነብና በዚያው ይፈርዳል። የፋብሪካው ስም ግን ማን እንደ ሠራው እንጂ ማን እንደ ከፈለበት አይናገርም። ኬዝ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለሠራዊቱ ኤም 3 የተባለውን የውጊያ ቢላዋ ሲሠራ፣ ለአዳኞችም ማንም ከሱቅ የሚገዛቸውን ቢላዋዎች ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ይዞ፣ ቢላዋውን በቀን ብርሃን አቅርቦ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመንግሥት ንብረትነት ምልክት መፈለግ ይገባል። በአሜሪካ ቢላዋዎች ላይ ይህ ምልክት ለምድር ጦር «ዩ ኤስ»፣ ከመርከብ ወርዶ ለሚዋጋው ማሪን ጓድ «ዩ ኤስ ኤም ሲ»፣ ለባሕር ኃይል «ዩ ኤስ ኤን» የሚሉት ፊደላት ናቸው። በእንግሊዞቹ ላይ ደግሞ ሦስት አጫጭር መስመሮች አንድ ጫፍ ላይ የሚገናኙበት የቀስት ምልክት ይፈለጋል። ቦታውም ሊለያይ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ማደል የተጀመረው ኤም 3 በመጀመሪያ ጽሑፉ በስለቱ ላይ ሲሆን፣ በኋላ የተሠሩት ግን በስለቱና በእጀታው መካከል ባለችው የጣት መከላከያ ብረት ላይ ነው የተጻፈባቸው። ስለቱ ባዶ ሆኖ ስላገኘው ብቻ «የግል ነው» ብሎ ያስቀመጠው ሰው፣ መከላከያውን ገልብጦ ቢያይ ኖሮ ፊደላቱን ያገኝ ነበር።

ምልክት መገኘቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዋጋ ለማስወደድ ሲባል ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ የሚመታ ማኅተም አለና። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በፋብሪካው ሥርዓት ማኅተሙ የሚመታው ብረቱ የመጨረሻ ሽፋኑን ከመቀባቱ በፊት በመሆኑ፣ በፊደላቱ ጎድጓዳ ውስጥ የሚታየው ግራጫ ወይም ጥቁር ቀለም ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የፊደሉ ወለል ነጭ ብረት ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም ጣት ሲዳሰስበት ዙሪያው እንደ ጠባሳ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ማኅተሙን መጠራጠር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ ነው። ለጦሩ የሚሠራ ቢላዋ በአንድ ንድፍ የሚሠራ በመሆኑ የዘጠኙም ፋብሪካዎች ኤም 3 ስለት ወደ 17 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ማርክ 2 የተባለው የማሪኖቹ ቢላዋ ደግሞ ወደ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ የተሳለ ስለት ሊያንስ ይችላል፤ ሊረዝም ግን አይችልም።

በግል የተገዙት ለምን እንደ በዙ ማወቅ ለምርመራው በእጅጉ ይረዳል። ማሪኖቹ ጓዳልካናል በተባለችው የፓስፊክ ደሴት ላይ የወረዱት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ሲሆን፣ ማርክ 2 የጸደቀው ግን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎች ብዙዎቹ ከቤታቸው ያመጡትን ወይም ከሱቅ የገዙትን የአደን ቢላዋ ታጥቀው ነበር፤ ዌስተርን የተባለው ፋብሪካ ኤል 77 ብሎ የሚጠራው ትልቅ ቢላዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ይሠራ የነበረው ራንዳል የተባለው ቢላዋ ሠሪ ደግሞ ቢላዋዎቹን የሚሠራው ወታደሮች በግል እያዘዙት ነበር። እንዲህ ያለው ቢላዋ የመንግሥት ምልክት ባይኖረውም የጦርነት ቢላዋ መሆኑ አይቀርም፤ ከታደለው ያነሰ አድርገው የሚያዩትን ሰብሳቢዎች አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ወታደሩ ሕይወቱን የሚያምንበትን ዕቃ ራሱ መርጦ በደመወዙ የገዛው ነውና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፌርቤርንና ሳይክስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የነደፉት የእንግሊዝ ኮማንዶዎች ጩቤ ነው። ዊልኪንሰን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1941 መጀመሪያ ጀምሮ ለጦሩ ሲያቀርብ፣ ያንኑ ጩቤ በግል ለሚመጡ መኮንኖችም ይሸጥ ነበር። የቀስት ምልክት ያለበት ለጦሩ የቀረበ ነው፤ በስለቱ ላይ የባለቤቱ ስም በፋብሪካ ተጽፎበት ከተገኘ በግል ለመገዛቱ ጥሩ ማስረጃ ነው። በእጅ የተጫረ ስም ግን ከሁለቱ አንዱንም አያረጋግጥም፤ የታደለውንም የተገዛውንም ወታደሩ በስሙ ይጭራልና። ምንም ምልክት የሌለበትን «አልታወቀም» ብሎ መተው ከግምት የተሻለ ነው፤ ለጦሩ የቀረቡ ምልክት አልባ ጩቤዎች አሉና።

እጀታው ከአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ተቆርጦ ቀለበት በቀለበት የተደረደረ ሆኖ ከተገኘ፣ ቢላዋው በጦር ሜዳ ጋራዥ የተሠራ ወይም የተጠገነ ስለሚሆን ከሁለቱም ወገን ውጭ ይመደባል። ስለቱ ግን ከታደለ ቢላዋ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል እርሱም ለብቻው ይመርመር።

ሰገባው የሚታየው በመጨረሻ ነው። ኤም 3 በመጀመሪያ ኤም 6 ከተባለው የቆዳ ሰገባ ጋር፣ በኋላም ኤም 8 ከተባለው ጠንካራ ሰገባ ጋር ይሰጥ ነበር፤ ሰገባ ግን በቀላሉ ስለሚለዋወጥ ማስረጃነቱ ደካማ ነው። ከሰገባ ይልቅ የባለቤቱ የአገልግሎት ታሪክ ይረዳል፤ ኤም 3 በቅድሚያ የታደለው ሳንጃ ለሌላቸው፣ በተለይም ለፓራሹት ወታደሮች ነበር።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ቢላዋውን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማንኛውም ሻካራ ነገር መፈግፈግ ፈጽሞ አይገባም፤ ያ ግራጫ ሽፋን አንዴ ከተነሣ የማኅተሙን እውነተኛነት መመዘኛው አብሮ ይሄዳል። ልል ዝገቱን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የማሽን ዘይት ብቻ ማንሣት ይበቃል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ የከረመ ብረት ስለሚዝግ፣ ናሱም አረንጓዴ ስለሚያወጣ፣ ሰገባውና ቢላዋው ለየብቻ ይቀመጡ፤ ከየት እንደ መጡና ማን ይይዛቸው እንደ ነበር የሚገልጽ ወረቀትም በሁለቱም ላይ ይታሰር።