አሮጌ ቮልስ ልትገዙ ነው? ማግኔት ያዙ

አዲስ ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ስለዚህ የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከዚያ በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ በፓራፋንጎዎቹ (ከጎማዎቹ በላይ ባሉት ሽፋኖች) ዙሪያና ከበሮቹ ሥር ባለው ደፍ ላይ አስጠጉት። ደህና ላሜራ ከሆነ ለጠፍ ይላል። ላላ ካለ ወይም ከወደቀ ሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) ነው፤ ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይስብም። ኃይለኛ ማግኔት ግን አይሆንም፤ ስስ ስቱኮ አልፎ ስለሚስብ ይሸውዳችኋል።

ቀጥሎ የኋላውን ወንበር አንሱት። የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የሚንጠባጠበው አሲድ ከእርጥበት ጋር ተደምሮ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከሰረጎደ ወይም ዝገቱ ከተፈረፈረ የብየዳውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሱ። ሻጩ «ወንበሩን ተዉት፣ ምንም የለውም» ካለ ደግሞ የግድ አንሱት!

አንዳንዱ ቮልስ ፓራፋንጎው በፋይበር ተቀይሯል። እዚያ ላይ ማግኔቱ አይሠራም፤ በጣት ኳ ኳ አድርጉት፣ ድምፁ ከላሜራ ይለያል።