ከጎርፍና ከናዳ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌና ነሐሴ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን እንደሚያመጡ ነዋሪው ያውቃል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሌሊት ዘመድ ቤት የተጠጋው ሁሉ ወደ ሰፈሩ ይሮጣል። ፍራሹ፣ የጤፉ ማዳበሪያ፣ ቴሌቪዥኑ ያሳስበዋል። አደጋው ግን ከዝናቡ ጋር አብሮ አያባራም።

ፀሐይ ወጣች ብሎ መመለስ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብዙ ቤት ተዳፋት ላይ ነው። ሰማዩ ቢጠራም አፈሩ የጠጣው ውሃ ወደ ታች መስረጉን አያቆምም። ናዳ ከዝናቡ ሰዓታት ወይም ቀናት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን የሆነውን አስታውሱ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት በተሰበሰበው ሰው ላይ ሌላ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ የቦርከና ወንዝ ደግሞ ከላይ ከደሴ በኩል ነው የሚመጣው። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ እየዘነበ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ዳር ወዳለው ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደሴ ያለ ዘመድ ጋ ደውሉ። "እናንተ ጋ ዘንቧል ወይ?" ማለት ብዙ ሳንቲም አይፈጅም። መንገድ ላይ ውሃ እየፈሰሰ ከሆነም አትሻገሩ። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል። 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ ገና ከዚያ በፊት ይሄዳል።

ቀጥታ በሩን ከፍቶ መግባት

ዓይናችሁ መጀመሪያ ከቤቱ በላይ ያለውን ይይ። ከበላይ ያለው መሬት አዲስ ስንጥቅ አውጥቷል? ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ዘምሟል? ትናንት ያልነበረ ምንጭ ደፍርሶ ይወጣል? የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ገፍቶ ወጥቷል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቤቱ ደህና ቢመስልም አትግቡ። የበላይ ጎረቤትንም አስጠንቅቁ፣ የታቹንም።

ምልክቱ ከሌለ ቤቱን ከውጭ ዙሩት። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ሥሩ ላይ ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ከታች ግን ጭቃው ለስልሶ ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት ብቻ ነው። አትደገፉት። ከዚህ በፊት ደህና ይከፈት የነበረ በር አልከፈት ካለ በትከሻ አትግፉ፤ ቤቱ ተንቀሳቅሶ መቃኑ ጨምቆት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ እስኪያየው ቢቆይ ምንም አይጎድልባችሁም። ልጆችን ይዞ መሄድ ደግሞ በጭራሽ አይሆንም።

መብራት መጥቷል ወይ ብሎ መሞከር

እርጥብ እግር ይዞ ቆጣሪ መንካት ሞት ነው። ውሃ ውስጥ ሳትቆሙ መድረስ ከቻላችሁ ብቻ ብሬከሩን አጥፉ። ካልሆነ ተዉትና ለመብራት ኃይል በ905 ደውሉ። የወደቀ ሽቦ ካለ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አርቁ። ፍሪጁና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ውሃ ከነካቸው፣ ፀሐይ ላይ ውለው ደርቀዋል ብላችሁ አትሰኩ፤ ጠጋኝ ከፍቶ ይያቸው።

የራስን ግቢ ብቻ ማጽዳት

ይሄ እኔን በጣም ያናድደኛል። ሰው ከግቢው የዛቀውን ጭቃ አውጥቶ ቦይ ውስጥ ይደፋል። የዚያኑ ዕለት ማታ ሲዘንብ ቱቦው ይደፈንና ውሃው መንገዱን ይዞ የታች ቤት ይገባል። ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ቆሻሻው የት እንደሚደርስ አላውቅም ሊል አይችልም። ጭቃውን ከቦዩ አርቃችሁ ከምሩ፣ ከግቢው በፊትም ቦዩን በጋራ ክፈቱ።

ለዚህ ቅሬያችን (ዕድራችን) አለ። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ አካፋውም፣ ድንኳኑም፣ ትልልቁ ድስትም እዚያ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች እነማን እንደሆኑም የቅሬው ሰው ያውቃል። መጀመሪያ የእነሱን በር አንኳኩ። "አብሽሩ እማማ" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መድኃኒታቸው ረጥቦ እንደሆነ ጠይቁ።

ውሃውንና እህሉን ማመን

ጎርፍ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይዞ ነው የሚመጣው። እህል መጣል ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ይገባኛል። ግን ጎርፍ የገባበት ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም እድፉ አይወጣም። አተት ቤት ከገባ ከጤፉ ዋጋ ይበልጣል።

የቧንቧ ውሃ ቢመጣም አፍሉት። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ከታለፈ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ደሴ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ግዙ፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ግቢ ውስጥ ያቆረውን ውሃ አፍስሱ፣ ወባ አለ።

ቤቱን በከሰል ማድረቅ

ብርዱም እርጥበቱም ያስገድዳል። ግን በሩን ዘግቶ ምድጃ ማንደድ ሙሉ ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይልቁንም ያስተኛል። ከሰሉ ደጅ ይንደድ። ቤቱን የሚያደርቀው ንፋስ ነው፤ ብርድ ቢሆንም በርና መስኮት ክፈቱ። የስፖንጅ ፍራሽ አንዴ ጎርፍ ከጠጣ አይድንም።

ጭቃ ውስጥ በሸበጥ መግባት

ሚስማር፣ ጠርሙስ፣ እባብ አለ፤ ቦቲ ጫማ ተዋሱ። ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች አልፏል። ጎርፍ የተቀበረ ነገር ቆፍሮ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አታንሱ፣ ፖሊስ ጥሩ።

ሳይመዘግቡ መጥረግ

መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ። ጎርፉ ግድግዳው ላይ የተወውን የጭቃ መስመር፣ እያንዳንዱን ክፍል፣ የተበላሸውን ዕቃ በፎቶ ያዙ። ከውጭ ስታነሱ የቤት ቁጥሩ ይታይ። ቀበሌ ወይም ዕርዳታ የሚያከፋፍል አካል ሲመጣ ወሬ ብቻ ይዞ መቅረብ ያስቸግራል። የቤት ካርታው ወይም የልደት ካርዱ ረጥቦ ከተጣበቀ በግድ አትላቅቁት፤ ምጣድ ላይም አታድርቁት። ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ ንፋስ ይምታው። ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ቀለሙ ሳይለቅ በፊት ፎቶ አንሱና ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩት።