ታብሌት አባሪ ፋይል አልልክ ሲል ምን ማድረግ ይቻላል?

አባሪ ፋይል የያዘ ኢሜይል ከታብሌት አልሄድ ሲል ብዙ ሰው የሚቸኩለው አካውንቱን ሰርዞ እንደገና ለማስገባት ነው። ይህን ለመጨረሻ ያቆዩት። አካውንቱ ከታብሌቱ ላይ ሲነሳ ገና ያልወጣው መልእክት አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ፋይሉ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ይለዩ

ምንም ያልተያያዘበት አንድ መስመር ጽፈው ወደ ራስዎ አድራሻ ይላኩ። እሱም ካልሄደ ጥፋቱ የአባሪው አይደለም፤ ኢንተርኔቱን፣ የይለፍ ቃሉንና የማከማቻ ቦታውን ይመርምሩ። ጂሜይል ያለ ክፍያ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከጉግል ድራይቭና ከጉግል ፎቶዎች ጋር የጋራ ስለሆነ ቦታውን የጨረሱት ኢሜይሎች ሳይሆኑ የቆዩ ቪዲዮዎች ሊሆኑ ይችላሉ። መስመሩ ከሄደ ደግሞ ትንሽ ፎቶ አያይዘው ይድገሙት። ትንሹ ሄዶ ትልቁ ከቀረ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

2. የፋይሉን መጠን ይመልከቱ

ጂሜይል በአንድ መልእክት እስከ 25 ሜጋባይት፣ የአፕል አይክላውድ ሜይል ደግሞ እስከ 20 ሜጋባይት ያስተናግዳሉ። ታዲያ 22 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በጂሜይል ለምን እምቢ ይላል? ኢሜይል ሲፈጠር የተሠራው ለጽሑፍ ብቻ ስለነበር ማንኛውም ፋይል ከመላኩ በፊት ወደ ፊደላት ይለወጣል። በዚህ ልወጣ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ስለሚሆን ፋይሉ በመንገድ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ገደቡ 25 ከሆነ ከ18 ሜጋባይት በላይ አለማያያዝ ይሻላል። የተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ የራሱ ገደብ አለው፤ መልእክቱ ከእርስዎ ዘንድ በሰላም ወጥቶ ተመልሶ ከመጣ ይህንን ይጠርጥሩ።

ፎቶዎች ከሆኑ በሁለት ሦስት መልእክት ይከፋፍሏቸው። በአይፓድ የሜይል መተግበሪያ ፎቶ ሲያያዝ መጠኑን ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ትልቅ አድርጎ መምረጥ ይቻላል። ቪዲዮን ግን በኢሜይል ለመላክ መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ በአይፓድ በ4ኬ ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ብቻ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ወደ ጉግል ድራይቭ ሰቅለው አገናኙን (ሊንኩን) ይላኩ፤ የግል ሰነድ ከሆነ አገናኙን ለሁሉም ሳይሆን ለተቀባዩ አድራሻ ብቻ ይክፈቱት። የአይፓድ ተጠቃሚዎች ሜይል ድሮፕም አላቸው፤ እስከ 5 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ተቀብሎ ለ30 ቀናት ያቆያል።

3. ፋይሉ በእርግጥ ታብሌቱ ላይ አለ?

ይህን ብዙዎች አያስተውሉትም። ስሙና ምስሉ በስክሪኑ ላይ ቢታይም ፋይሉ ራሱ በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሊሆን ይችላል። ከማያያዝዎ በፊት አንድ ጊዜ ከፍተው እስከ መጨረሻው መውረዱን ያረጋግጡ።

4. የፋይሉ ዓይነት

ጂሜይል በዶት ኢኤክስኢ (.exe) የሚያልቁ የፕሮግራም ፋይሎችን ለደህንነት ሲባል አያሳልፍም፤ ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ውስጥ ቢደበቁም ያገኛቸዋል። መፍትሔው በአገናኝ መላክ ነው።

5. ግንኙነቱና ፈቃዱ

ኢንተርኔቱ ገጽ ለመክፈት ፈጣን ሆኖ ለመላክ ግን ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የኢንተርኔት መስመሮች የተሠሩት እንዲሁ ነው። ዋይፋይ ይጠቀሙ፣ የውሂብ ቆጣቢና የባትሪ ቆጣቢ አማራጮችን ለጊዜው ያጥፉ፣ መልእክቱ እስኪወጣ ድረስም መተግበሪያውን ክፍት ያድርጉት። አንድሮይድ ላይ ፋይል መምረጡ ራሱ ካስቸገረ ወደ ቅንብሮች ገብተው መተግበሪያው ፎቶዎችንና ፋይሎችን የማየት ፈቃድ እንዳለው ይመልከቱ።

6. በአሳሽ ይሞክሩት

ክሮም ወይም ሳፋሪ ከፍተው ወደ ኢሜይልዎ ይግቡና ያንኑ ፋይል ይላኩ። ከሄደ ችግሩ የመተግበሪያው ነው። ያዘምኑት፤ አንድሮይድ ከሆነ መሸጎጫውን (መተግበሪያው ለጊዜው ያስቀመጠውን ውሂብ፣ ካሽ) ብቻ ያጽዱ። ከጎኑ ያለውን ውሂብ የማጽጃ አማራጭ አይንኩት፤ ታብሌቱ ላይ ብቻ የነበሩ ረቂቆችን ይዞ ሊሄድ ይችላል።