የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤቶች ዲጂታል መዝገቦች፦ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

በአሜሪካ የ50ዎቹ ግዛቶች ምክር ቤቶች ረቂቅ ሕጎችን፣ ማሻሻያዎችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና የኮሚቴ ስብሰባ ቅጂዎችን ዛሬ የሚያዘጋጁት በዋናነት በኮምፒውተር ነው። ዳኛ የሕግ አውጪውን ሐሳብ ሲመረምር፣ ዜጋም ወኪሉ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ለማወቅ ሲሻ የሚመለሰው ወደ እነዚሁ መዝገቦች ነው። የሚከተለው መመሪያ የተዘጋጀው እነርሱን ለሚጠብቁ የቤተ መዛግብትና የምክር ቤት ባለሙያዎች ነው።

የቀድሞ ረቂቅ ሕግ ማስፈንጠሪያ ባዶ ገጽ ወይም ሌላ ሕግ ሲከፍት

ባዶ ገጽ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹ ሶፍትዌር ሲቀየር የገጾቹ አድራሻ አብሮ ስለሚቀየር ነው። ሌላ ሕግ የሚከፈት ከሆነ ግን የቁጥር አሰጣጡን መመርመር ይገባል፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የረቂቅ ሕጎች ቁጥር በየሁለት ዓመቱ የምክር ቤት ዘመን እንደገና ከ1 ስለሚጀምር፣ ቁጥሩ ብቻውን አንድን ሰነድ ለይቶ አያመለክትም። ለእያንዳንዱ ሰነድ የግዛቱን ስም፣ የምክር ቤቱን ዘመን፣ ረቂቁ የመነጨበትን ምክር ቤት፣ ቁጥሩንና የረቂቁን ደረጃ የያዘ ቋሚ መለያ ይሰጠው፤ አሮጌዎቹ አድራሻዎችም ወደ አዲሶቹ እንዲያመሩ ይደረግ። ከለውጡ በፊት ድረ ገጹን በዋርክ ፎርማት (ድረ ገጾችን ለማኅደር በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) መቅዳት ይጠቅማል፤ ሆኖም ቀጂው ሶፍትዌር የሚጓዘው ማስፈንጠሪያዎችን እየተከተለ በመሆኑ፣ በመፈለጊያ ሳጥን ብቻ የሚገኙትን ሰነዶች ሳያያቸው ያልፋል። ስለዚህ የመረጃ ቋቱን ሙሉ ቅጂ ከምክር ቤቱ የቴክኖሎጂ ክፍል በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍለጋ የተሰረዘን ቃል እንደ ጸና ሕግ ሲያቀርብ

ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ብልሽት ይመስለኛል፤ አንባቢው ስህተት መኖሩን የሚጠረጥርበት ምልክት አያገኝምና። በብዙ ግዛቶች የማሻሻያ ረቂቅ ላይ የሚወጣው ቃል መስመር ተሰርዞበት፣ የሚገባው ደግሞ ከሥሩ ተሰምሮበት ይታያል። ሰነዱ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ 30 ቀን የሚለው ተሰርዞ 60 ቀን በተተካበት አንቀጽ ውስጥም ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀራሉ። ስካን በተደረጉ ገጾች ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ሶፍትዌር የተሰረዘበትን ቃል አዛብቶ ያነበዋል ወይም ጨርሶ ይዘለዋል። አስተማማኙ መንገድ የወጣውንና የገባውን ቃል በየራሱ ምልክት የሚለይ የኤክስኤምኤል (የጽሑፍ ክፍሎችን በመለያ ምልክት የሚያደራጅ ፎርማት) ቅጂ ከረቂቅ አዘጋጁ ክፍል መረከብና የፍለጋ ማውጫውን ከእርሱ መገንባት ነው። የገጹን መልክ የሚጠብቅ የፒዲኤፍ/ኤ ቅጂም አብሮ ይቀመጥ። ለቆዩ ስካኖች ግን ቢያንስ የማሻሻያ አንቀጾቹን ሰው ከምስሉ ጋር ሊያመሳክራቸው ይገባል።

ሰነዱ ቢከፈትም ትክክለኛነቱ ሲያጠራጥር

ለረጅም ጊዜ ሕጋዊ ተቀባይነት የነበረው የታተመው ቅጂ ስለነበር፣ የድረ ገጹ ቅጂ ማረጋገጫ ሳይበጅለት ቆይቷል። ለግዛቶች ሞዴል ሕጎችን የሚያዘጋጀው የወጥ ሕጎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው፣ ኮሎራዶም በ2012 ከሁሉም ቀድማ የተቀበለችው የኤሌክትሮኒክ ሕግ ሰነዶች ሞዴል ሕግ ኤሌክትሮኒክ ቅጂውን ብቸኛ ይፋዊ ቅጂ ያደረገ ግዛት ሰነዱ የሚረጋገጥበትን መንገድ እንዲያበጅ፣ ሰነዱን እንዲጠብቅና ለሕዝብ በዘላቂነት ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ የቴክኖሎጂውን ምርጫ ግን ለግዛቱ ይተወዋል። በተግባር ፋይሉ በተረከባችሁበት ዕለት የኤስኤችኤ-256 አሻራውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ ኮድ) አስልታችሁ ከፋይሉ በተለየ ቦታ አስቀምጡ፣ በየጊዜውም እንደገና እያሰላችሁ አመሳክሩ። አሻራው ፋይሉ አለመለወጡን እንጂ ማን እንዳወጣው ስለማይናገር፣ የአውጪው ዲጂታል ፊርማና የጊዜ ማኅተም ሊታከልበት ይገባል።

የስብሰባ ቪዲዮ ሳይከፈት ሲቀር

ቪዲዮው በፍላሽ ማጫወቻ ይታይ ከነበረ፣ የፍላሽ ባለቤት የሆነው አዶቤ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስላቆመ ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ፋይሉ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ በሰርቨሩ ላይ ይገኛል። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ እንደነበረ ጠብቁ፣ ለተመልካች ደግሞ በዛሬ ማጫወቻዎች የሚከፈት ሌላ ቅጂ አዘጋጁ። ፋይሎቹ ያሉት በሥርጭት ድርጅት እጅ ከሆነ፣ ውሉ ሲያበቃ ዋናዎቹ ፋይሎች ከነአጀንዳቸው እንዲመለሱ የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገቡ። የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቁት ፕሮፖዚሽን 54 የስብሰባ ቅጂ በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት እንዲወጣና ቢያንስ ለ20 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። አንድ ሕግ ከ20 ዓመት በላይ ሊሠራ ስለሚችል፣ ይህን ገደብ ቅጂውን ለማጥፋት እንደ ፈቃድ መቁጠር አይገባም፤ ሕጉ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ስለ እርሱ የተደረገው ክርክርም አብሮት ይቀመጥ።