በእንግሊዝ አገር ሥራ ላጣ ሰው የቤት ኪራይ ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ

በለንደንም ሆነ በሌላ የእንግሊዝ ከተማ የሚኖር ሰው ሥራውን ሲያጣ ቀድሞ የሚያስጨንቀው የወሩ ኪራይ ነው። ቆየት ያሉ ነዋሪዎች «ካውንስል ሄደህ ሃውሲንግ ቤኔፊት ጠይቅ» ብለው ይመክራሉ (ካውንስል የአካባቢው አስተዳደር፣ ሃውሲንግ ቤኔፊት ደግሞ እሱ የሚሰጠው የኪራይ ድጎማ ነው)፤ ምክሩ ግን ጊዜ አልፎበታል። ሃውሲንግ ቤኔፊት አሁን ለአዲስ አመልካች የሚሰጠው በአብዛኛው የጡረታ ዕድሜ ላይ ለደረሱ ሰዎች ወይም በጊዜያዊ ወይም ልዩ ድጋፍ ባለበት መጠለያ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሥራ አጥ የኪራይ ድጋፍ የሚያገኘው ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው ወርሃዊ የመንግሥት ድጎማ ውስጥ፣ ከኑሮ መደጎሚያው ጋር ተደምሮ ነው።

ከማመልከትዎ በፊት የመኖሪያ ፈቃድዎን ይመልከቱ። ዜጎች፣ ቋሚ ነዋሪዎችና የስደተኝነት ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያገኘ ሰዎች ማመልከት ይችላሉ፤ ፈቃዱ የመንግሥት ድጎማ እንዳይቀበል የሚከለክለው ሰው ግን ማመልከቱ ራሱ የመኖሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ስለሚችል አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ሕግ አዋቂ ማነጋገር አለበት። ቀጥሎ የሚታየው ቁጠባ ነው። የእርስዎና የትዳር ጓደኛዎ ቁጠባ በድምሩ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ድጋፉ አይሰጥም፤ ከ6,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ይቀነሳል። ዕቁብ ደርሶዎት ገንዘቡ ባንክ ከተቀመጠ እንደ ቁጠባ ሊቆጠር ስለሚችል፣ መጠኑን ሳይደብቁ መግለጽና ዕቁቡ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ይሻላል።

ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ክፍያው የሚታሰበው ካመለከቱበት ዕለት ጀምሮ እንጂ ከሥራ ከወጡበት ቀን ጀምሮ ስላልሆነ፣ «ሌላ ሥራ እስካገኝ ልታገሥ» እያሉ የሚያሳልፉት ሳምንት ኪራዩን ከኪስ ያስከፍላል። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታሰበው ቢበዛ አንድ ወር ነው፤ እሱም እንደ ሕመም ያለ በቂ ምክንያት ሲቀርብ ብቻ። የመጀመሪያው ክፍያ እጅ የሚገባው ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ወለድ ባይኖረውም ከሚቀጥሉት ክፍያዎች ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ብድር መሆኑን አይርሱ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ የመጨረሻ ደመወዝዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገባ ከሆነና ከዚያ በፊት ካመለከቱ፣ ደመወዙ በመጀመሪያው ወር ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ክፍያውን ሊያሳንስ ወይም ሊያስቀር ይችላል። የትኛው ቀን እንደሚሻል ለማወቅ ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለውን ነፃ የምክር ድርጅት የማመልከቻ እርዳታ በነፃ በ0800 144 8444 ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ መግባባት የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ እንዲመደብለት ከመጠየቅ ወደኋላ አይበል።

አብዛኛው ማመልከቻ የሚሰናከለው የኪራዩ ክፍል ላይ ነው። የኪራይ ውል፣ የአከራዩ ስምና አድራሻ፣ የወሩ ኪራይ መጠንና ቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ዝርዝር ይጠየቃል። ከወገን ቤት አንድ ክፍል በቃል ስምምነት ይዞ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ብዙ ነው፤ ይህ በራሱ አያስከለክልም፤ ነገር ግን አከራዩ የክፍሉን አድራሻ፣ የሚከፈለውን መጠንና ኪራዩ የተጀመረበትን ቀን ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም ኪራዩን በባንክ መክፈል ከብዙ ጥያቄ ያድናል። በአንጻሩ አከራዩ ወንድምዎ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድዎ ሆኖ አብሮዎት የሚኖር ከሆነ የኪራይ ድጋፍ አይሰጥም።

ድጋፉ ሙሉውን ኪራይ ይሸፍናል ብለው አይጠብቁ። ከግለሰብ ለተከራየ ሰው ጣሪያው የሚወሰነው በአካባቢውና ለቤተሰቡ በሚፈቀደው የመኝታ ክፍል ብዛት ነው፤ ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ ብቸኛ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚታሰብለት በጋራ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ዋጋ ነው። በካውንስል ወይም በሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ አከራይ ድርጅት) ቤት የሚኖር ሰው ባብዛኛው ሙሉ ኪራዩ ይታሰብለታል፤ አንድ ትርፍ መኝታ ክፍል ካለው ግን 14 በመቶ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለው 25 በመቶ ይቀነስበታል። ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ አብሮ ሲኖርም የተወሰነ ቅናሽ ሊኖር ይችላል።

ጉድለቱን ለመሙላት ወደ ካውንስሉ መሄድ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ካውንስሎች ኪራይ ለጎደለበት ሰው በራሳቸው ውሳኔ የሚሰጡት ተጨማሪ ድጋፍ አለ፤ ለካውንስሉ የሚከፈለው የመኖሪያ ቤት ግብር (የካውንስል ታክስ) ቅናሽም ለብቻው የሚጠየቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የዩኒቨርሳል ክሬዲቱ የኪራይ ድጋፍ ወደ እርስዎ ሒሳብ ስለሚገባ ኪራዩን መክፈል የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ የ2 ወር ውዝፍ ካለ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ለአከራዩ እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲትን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚመጣ መልእክት ሁሉ የሚገባው ጆርናል በሚባለው የኢንተርኔት ገጽዎ ላይ ነው፤ ቶሎ ካልመለሱ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል። በስልክ የተነገረዎትንም እዚያው ጽፈው ያረጋግጡ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ቀኑ የተመዘገበ ማስረጃ ይሆንዎታል። ድጋፉ ቢከለከል ወይም መጠኑ ዝቅ ቢል፣ በ1 ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ በዚያም ካልረኩ ትሪቡናል ለሚባለው ገለልተኛ ችሎት ይግባኝ ማለት ይቻላል።

አከራይዎ ቤቱን እንዲለቁ ማስጠንቀቂያ ከሰጠዎት ወረቀቱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ካውንስሉ የቤት ክፍል ይሂዱ፤ በ56 ቀናት ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የሚችልን ሰው መርዳት ሕግ የጣለበት ግዴታ ነው። ምክር ሳያገኙ ቁልፉን አስረክበው አይውጡ፤ በፈቃድዎ ቤት እንደለቀቁ ተቆጥሮ ሊያገኙት የሚገባውን እርዳታ ሊያሳጣዎት ይችላል።